የኮሪያኛ መምህራችንን በጃፓንኛ ለሸኙት ዲን

ለተከበሩ የፋኩልቲያችን ዲን፣

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ምንጣፍ የማይጎሳቆል፣ እንቅልፍዎም በማንም ተማሪ አቤቱታ የማይቋረጥ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ የእስያ ቋንቋዎች፣ ሥነ ጽሑፍና ባህል ድኅረ ምረቃ ክፍል የመጨረሻዋ ተማሪ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ተገድጃለሁ።

፩. ክፍላችንን ስለዘጉልን አመሰግናለሁ። ወሬውን ለመምህራችን በአካል ነግረው ከሚያስደነግጧቸው ይልቅ፣ ከእረፍት ሲመለሱ የቢሯቸው ቁልፍ ተቀይሮ እንዲጠብቃቸው ማድረግዎ ርኅራኄዎን ያሳያል። እኒያ በዚያች ጠባብ ክፍል የሸበቱ ሴት በሩ ላይ ቆመው ከድሮ ቁልፋቸው ጋር ሲታገሉ ደረስኩ። «እጄ ነው መሰለኝ፣ እስቲ አንቺ ሞክሪው» አሉኝ። ሞከርኩ።

፪. ስለ ሽኝቱ ንግግርዎም ምስጋናዬ ይድረስዎ። መምህራችን ዕድሜያቸውን የሰጡት ለኮሪያኛ ነው፤ እርስዎ ግን እርሳቸው ለጃፓንኛ አበረከቱ ያሉትን አስተዋጽኦ ረዘም አድርገው አወድሰው፣ በመጨረሻም ጎንበስ ብለው በጃፓንኛ አመሰገኗቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። እንዲያርሙዎ ጎናቸውን ነካ ባደርጋቸው፣ «ተይው ልጄ፣ ሰው ፊት አይሆንም» አሉኝ። ያን ዕለት ያፈሩት ስለ እርስዎ ነው።

፫. የመመረቂያ ጽሑፌን እንዲያማክሩኝ የመደቡልኝ የገበያ ጥናት ምሁርም አይረሱኝም። ጽሑፌ ልጆቻቸው የሞቱባቸው የጥንት የኮሪያ እናቶች ስላወረዱት ሙሾ ነው። ምሁሩ ፊደሉን ባይለዩትም፣ ሙሾው ለንግድ ግንኙነት ያለውን ፋይዳ የሚያሳይ ምዕራፍ እንድጨምር አዘዙኝ።

አልጨመርኩም፤ ዲግሪውም ቀረ። ይኼኛው ቁጥር አያስፈልገውም።

ጽሑፌን ግን በመምህራችን ቤት ሳሎን ውስጥ፣ በእርሳቸውና በታናሽ እህታቸው ፊት አቀረብኩ። መምህራችን ምንም ሳይራሩ ጥያቄ አዘነቡብኝ። የመጨረሻውን ሙሾ በኮሪያኛ ሳነብ፣ አንዲት ቃል የማይገባቸው እህታቸው «ማን ሞቶባት ነው?» ብለው ጠየቁ። እርስዎ ከመደቡልኝ ምሁር ያልሰማሁት ጥያቄ ነው። መምህራችን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና «አልፈሻል» አሉኝ።

ቀጥለው ለሚዘጉት ክፍል እጅዎን ያበርታልዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ዲግሪው የቀረባት፣ ትምህርቱ ያልቀረባት ተማሪ

ማስታወሻ፦ ለኮሪያ እንግዶችዎ በዋናው በር ላይ ያሰቀሉት የእንኳን ደህና መጣችሁ ጽሑፍ ተዘቅዝቋል። መምህራችን በዚያ ሲያልፉ አይተው፣ እንዳያፍሩ ብለው ሊነግሩዎ መጥተው ነበር፤ ጥበቃው መታወቂያቸው መሰረዙን ነግሮ ከበር መለሳቸው።