ውሃው በየት ይውረድ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ሌንሳ፣ ግቢው ላይ ያስሞላሽውን ገረጋንቲ አላስነካሁም። ጋሼ ታደሰ ጠዋት ግማሹን ለጎረቤት እንስጠው ብለው ነበር። "ዝም ብሎ ተከምሮ ምን ይሠራል?" አሉ። አልተከመረም፣ ተደልድሏል አልኳቸው። መረሬው ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የፈሰሰውን ሲሚንቶም አብሮ ይሰነጥቀዋል፤ ለዚህ ነው ሌንሳ ጥቁሩን አፈር አስቆፍራ በምትኩ ይሄን ያስሞላችው አልኳቸው። "እሺ፣ አንተም እንደ እህትህ አስተማሪ ሁንብኝ" አሉና ጫማቸውን መጥረግ ቀጠሉ።

ከቀብርሽ ቀን ጀምሮ ሳሎን ፍራሽ አንጥፈው ያድራሉ። ሚስታቸውና ልጆቻቸው ሲግናል ሰፈር፣ እሳቸው እዚህ ካራ። በየቀኑ ታክሲ ይሰለፋሉ። አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም፤ ግን ዛሬ ከሥራ ሲመለሱ ቁርጡን ነገሩኝ።

"የአባትህ ወንድም ነኝ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እርጥብ ቤት ውስጥ ብቻውን ጥዬ አልሄድም። የእሷን ደረት ያባባሰው ይሄ ግድግዳ ነው። ግቢው ተሠርቶ ውሃ መግባቱን ካቆመ ትኖርበታለህ፤ አልከለክልህም። ከገባ ግን ሲግናል ከልጆቼ ጋር ትሆናለህ፣ ቤቱ ይከራያል።"

ትክክል ናቸው። አስምሽ ክረምት ክረምት ነበር የሚነሳው። ከእንጦጦ በኩል ያለው ዳገት ዝናቡን ተቀብሎ ወደ እኛ በር ነው የሚልከው። የግድግዳው ሻጋታ አሁንም አልጋሽ አጠገብ አለ። ቀለም ቀብቼው ነበር፤ መልሶ ወጣ።

ስለዚህ ግንበኛ መምረጥ አለብኝ። ክረምቱ ሳይገባ። ፈተናም አለ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሁለት ግንበኞች መጡ።

አንደኛው ደሬ ነው፤ የጋሼን ግቢ የሠራው። ንጹህ ሸሚዝ ለብሷል። ስልኩን አውጥቶ የሠራቸውን ግቢዎች አሳየን፤ ሁሉም ሊሾ፣ ልሙጥ፣ የሚያብረቀርቅ። "መስታወት ነው የማደርግልህ። ፊትህን ታይበታለህ" አለኝ። ጋሼ ደስ አላቸው።

ሁለተኛው አብዲሳ ይባላል። ጎረቤቶች ናቸው የጠቆሙኝ። ሲገባ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዳገቱን ማየት ጀመረ። ይጮሃል፤ ሲያወራ የተጣላ ይመስላል። "ውሃው በየት ነው የሚገባባችሁ?" አለ። አሳየሁት። ከግድግዳው ወደ ውጭ ተዳፋት፣ ጥግ ላይ ቦይ፣ ሲሚንቶው ደግሞ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ የሚፈስ፣ ፊቱ ሳይደርቅ መጥረጊያ የተጎተተበት ሻካራ እንዲሆን ነው የሚፈልገው።

"ሻካራ?" አሉ ጋሼ። "ሰው ብሩን ከፍሎ ሻካራ ያሠራል?"

"ጋሼ፣ ሊሾ ለሳሎን ነው። ደጅ ላይ ዝናብ ሲመታው መጀመሪያ የሚያንሸራትተው እርስዎን ነው" አለ አብዲሳ።

"እኔ ግቢ ማንም ወድቆ አያውቅም።"

አምና ክረምት እዚያው ግቢ በጀርባሽ መውደቅሽን አላነሳሁም።

ሁለቱም ጥሩ ያወራሉ። ሁለቱም ፎቶ አላቸው። ግን ፎቶዎቹ ላይ ሁሉ ፀሐይ ነው። አንድም ዝናብ የለም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

ከትምህርት በኋላ ከሀብታሙ ጋር ወጣን። ጓደኛዬ ነው፤ ታውቂዋለሽ፣ ያ ሁሌ የሚርበው። የግንበኞቹን አዲስ ሥራ ማየት አልፈለግሁም። ቢያንስ አንድ ክረምት ያለፈበትን ነው የፈለግሁት። ጀሪካን ይዘን ነበር።

መጀመሪያ ኮተቤ፣ ደሬ የሠራው ግቢ። በሩን አንዲት ሴትዮ ከፈቱልን። "እትዬ፣ ግቢዎ ላይ ውሃ ላፍስስ?" አልኳቸው። ሳልጨርስ ሳቁ። "ልታጥብልኝ ነው? ግባ፣ መጥረጊያም አለ።"

አፈሰስኩ። ውሃው ትንሽ ተንከራተተና መሃል ላይ ተኛ። ቆምን፣ ጠበቅን፣ አልሄደም። ዳር ዳሩ ላይ ሊሾው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል፤ በጣቴ ስነካው ከሥሩ አሸዋ ወጣ። "ክረምት ላይ ዳክዬ ማርባት ነው የቀረኝ" አሉ ሴትዮዋ። በስልኬ ቀረጽኩት።

ቀጥሎ አብዲሳ የሠራው፣ ካራ ከላይ በኩል። ዘበኛው መጀመሪያ አላስገባም አለ፤ ሀብታሙ አንድ ነገር ነግሮት አስገባን። ምን እንዳለው አልነገረኝም። ውሃው ቀጥ ብሎ ቦዩ ውስጥ ገባ። ግን ሲሚንቶው ስንጥቅ አለው፤ አንድ ረጅም፣ ጠማማ። ለአብዲሳ ደወልኩ።

"ያ ግቢ? ሳልጨርስ ድንኳን ጥለው ሰርግ ደገሱበት! ውሃ አጠጡት ብያለሁ፣ ጠላ ነው ያጠጡት!" ጆሮዬ እስኪያመኝ ጮኸ።

እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ስንጥቁ ግን ውሃ አላስቆመም።

ስንመለስ ሀብታሙ "ብሮ፣ የሰው ልጅ በኛ ዕድሜ ሴት ይመርጣል፣ እኛ ሲሚንቶ" አለ። ሳቅሁ። ከሞትሽ ወዲህ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። እርግጠኛ አይደለሁም፤ አልተከታተልኩም።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ቪዲዮውን ለጋሼ አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አዩት።

"ይሄ የደሬ ነው?"

"አዎ።"

"እኔ ጋ ሲሠራ ግን..." አሉና አቆሙ። ቀጥሎ ተቆጡ፤ በቪዲዮው ሳይሆን በእኔ። ደሬን ሥራው ያንተ ነው ብለውት ነበር ለካ። "ቃሌን አጥፌ ምን ልበለው?" እያሉ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። መጨረሻ ላይ ራሳቸው ደወሉለትና "ልጁ እንቢ አለ" አሉት። ምንም አልመሰለኝም። ልጁ እንቢ ማለቱ እውነት ነው።

ከዚያ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና "መርጠሃል። ውሃ ከገባ ግን ቃሌ ቃል ነው" አሉ።

አብዲሳ ያዘዘኝ፦ ሲሚንቶው ከመሬት ከፍ ብሎ ይደር። በርሜሎቹ ከዛሬ ይሞሉ፣ ቧንቧዋ አትታመንም። ጆንያ ይሰብሰብ። ላስቲክ ይገዛ። ሥራው ገና ሳይነጋ ይጀመራል፣ ምክንያቱም እዚህ አገር ቀትሩ እሳት፣ ከሰዓቱ ዝናብ ነው፤ ሁለቱም ያልደረቀ ኮንክሪት ይጎዳሉ።

አንዱ ሲሚንቶ ጓጉሎ ነበር። መለስኩት። ሻጩ ሳይከራከር ቀየረልኝ። ይሄ ድል ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ሚክሰሩ ሲነሳ መንደሩ በሙሉ ነቃ። ሀብታሙም መጣ። በቁርስ ሰዓት ከግማሽ በላይ ፈስሶ ነበር።

ያኔ የዕድሩ ሰው በር ላይ ቆመ። ታች መንደር ያሉት የወፍጮ ቤቱ ሽማግሌ ሌሊቱን አርፈዋል፤ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ባሬላ ከሚሸከሙት ልጆች ግማሾቹ የመንደሩ ናቸው፣ ድንኳን ተካይ እነሱ ናቸው። አካፋቸውን አስቀምጠው ሄዱ።

"ጓዶች!" አለ አብዲሳ። "ኮንክሪት ለቅሶ አያውቅም! እዚህ ከቆመ ነገ የሚቀጥለው አይያያዝም፣ ውሃ በዚያ ነው የሚገባው!"

ማንም አልተመለሰም። መመለስም አይችሉም።

እኔ አልሄድም አልኩ። አካፋ አነሳሁ። ጋሼ አካፋውን ከእጄ ወሰዱት።

"ትሄዳለህ።"

"ጋሼ፣ ካልጨረስነው..."

"እሷን ሲሸኙ ከእነዚህ ሰዎች አንድ አልቀረም። ዛሬ ስም ሲጠራ አቤት የሚለው የዚህ ቤት ሰው ነው። የዚህ ቤት ሰው ደግሞ እኔ አይደለሁም።" ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ። "አንተ ጯሂው፣ በየት በኩል ነው የምይዘው?" አሉት አብዲሳን፣ ባሬላውን እያዩ።

ሄድኩ። አንቺ ያለሽበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ አንቺ በኩል አላየሁም። ሰማዩን ነበር የማየው፤ በእንጦጦ በኩል ጠቁሯል።

ስም ጠሩ። ተራችን ሲደርስ "ሌንሳ" አሉ።

አቤት አልኩ።

ጠሪው ቀና ብሎ አየኝ። "ይቅርታ፣ የኔ ልጅ፣ ገና አላስተካከልነውም።" ምንም አይደለም አልኩት።

ስመለስ አልቋል። ካፊያ ጀምሮ ነበር፤ ላስቲኩ ተዘርግቷል። ጋሼ ሸሚዛቸው እስከ ክርናቸው ሲሚንቶ ሆኖ፣ የጎረቤት ውሻ እንዳይረግጠው በመጥረጊያ እየተከላከሉ ነው። ለመሸፈን ቸኩለው ላስቲኩን ሳይወጥሩ ስለጣሉት አንድ ጥግ ላይ እጥፋቱ ታትሞ ቀርቷል። አብዲሳ አሁንም ስለሱ ይጮሃል። ሀብታሙ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ጠዋት ሲሚንቶውን ጆንያ አልብሰን፣ እንዳይሰነጠቅ አጠጣነው። ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ።

እኔና ጋሼ በረንዳ ላይ ቆመን አየን። ውሃው በዳገቱ መጣ፤ ቡናማ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክሞ። እንደ ዱሮው ወደ በሩ ዞረ። ከዚያ ቦዩን አገኘና በግድግዳው ጥግ አልፎ በአጥሩ ሥር ወጣ። ዝናቡ ሲያባራ ጋሼ ገብተው መኝታ ቤትሽ ተንበርክከው የግድግዳውን ሥር በመዳፋቸው ዳበሱ። መዳፋቸውን አሳዩኝ። ደረቅ ነው።

"ገና ግንቦት ነው" አሉ። "ሐምሌ ሌላ ነው።"

"አውቃለሁ።"

ፍራሻቸውን ጠቀለሉ። ልሸኝዎት ስላቸው እንቢ አሉ፤ ታክሲ ድረስ መንገዱን አውቀዋለሁ ብለው። በር ላይ ቆም ብለው መሬቱን በጫማቸው ፈተጉት። "ሻካራ ነው" አሉ። ከዚያ ሄዱ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ብቻዬን አድሬ የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት። ሀብታሙ ልምጣ ብሎኝ ነበር፣ አይ አልኩት።

ስነሳ ብርድ ነበር። ሻይ አፈላሁ፤ ቆሜ ጠጣሁ። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ገለጥኩ። ከበሩ አጠገብ ስንጥቅ አለ። ቀጭን፣ እንደ ፀጉር። ትናንት አልነበረም፣ ወይም አላየሁትም።

ለአብዲሳ ደወልኩ። እንቅልፍ ላይ ስለነበረ አልጮኸም። "ካልሰፋ ምንም አይደለም" አለ።

"ከሰፋስ?"

"ያኔ ደውልልኝ።"

ለጋሼ አልደወልኩም። እርሳስ አምጥቼ ስንጥቁ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ትንሽ መስመር አደረግሁ። ከዚያ ካለፈ ይታወቃል። አጠጣሁት፣ ጆንያውን መልሼ አለበስኩት፣ በሩን ከውጭ ቆልፌ ትምህርት ቤት ሄድኩ።