ምራቴ ያልጠራችው ስም

ኅዳር 1፣ ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰ.

ብዕሩን የያዘችው ዘይነባ ናት። የደሴ ልጅ። ሄምሸንስት ከሚሉት፣ ሽማግሌ በየቤቱ ከሚያስረዳው መሥሪያ ቤት እየተላከች በየቀኑ ቤቴ የምትመጣ፣ እኔን የምትረዳ። ክኒኔን አውጥታለች፣ ግፊቴን ለክታለች፣ አሁን ቁጭ ብላለች። መጻፍ ሥራዋ አይደለም፤ ከሻይ ሰዓቷ ቀንሳ ነው።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። ግንበኛ ነበርኩ። አዲስ አበባ የገነባሁት ግድግዳ ዛሬም ቆሟል። ፊደል የቆጠሩት የገነቡት መንግሥት ስንቴ ፈረሰ? ይህንንም ጻፊ አልኳት። ሳቀች። ጻፈችው።

እንግዲህ ደብተሬ፣ ጉዳዩን ስሚ። ልጄ ዳዊት ቬትናም ውስጥ ሚስት አለችው። ሊን ትባላለች። እዚህ ስዊድን መጥታ ኪስታ ስትማር የተማሪዎቹን ቤት መብራት ሊሠራ ሄዶ ነው የተገናኙት። ትምህርቷ አለቀ፣ የመኖሪያ ፈቃዷም አብሮ አለቀ፣ አገሯ ገባች። ተከትሏት ሄዶ አገባት። አሁን እሷ እዚያ፣ እሱ እዚህ ሱንድቢበሪ። በሚስትነት እንድትመጣ ካመለከቱ ከራርሟል። ረቡዕ ኤምባሲ ቀርባ ትጠየቃለች። ጋብቻው የእውነት ይሁን የወረቀት የሚለዩት በዚያ ነው። የወረቀት ከመሰላቸው አትመጣም።

አትመጣም የሚለውን አሳንሰሽ ጻፊው አልኳት።

እውነቱን ከፈለጉ እኔን ይጠይቁኝ። ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። የሊን ከተማ ሃይፎንግ ድረስ፣ በዚህ ጉልበት። በእነሱ ወግ የወንዱ ወገን በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ ትሪ ይዞ ይገባል። ሻይ፣ ፍራፍሬ፣ ጣፋጭ። ወገን ብሎ ከእኔ ሌላ ማን አለ? ትሪ የሚሸከሙ ጎረምሶች የሰጠን የልጅቷ ሰፈር ነው። እኔ ተነሥቼ በአማርኛ ልጃችሁን ለልጄ ስጡኝ አልኩ። አንድም ሰው አልገባውም። ሁሉም አለቀሰ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት 10 ሰ.

ዳዊት ከሥራ በቀጥታ መጣ። የኤሌትሪክ መሣሪያውን በር ላይ ጣለው። ፊቱን አይቼ ገባኝ።

እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ እሱ በስዊድንኛ ይመልሳል። እንዲህ ነው የምንነጋገረው፤ የምንጣላውም እንዲሁ። ሊን ደውላልኝ ነበር፣ ጠያቂዋ ጨዋ ሴት ናት አለ። ሊን ሁሉን መልሳለች። የት ተገናኛችሁ፣ ምን ይወዳል፣ ያንኮራፋል ወይ። ያንኮራፋል ብላለች፤ ደግ አደረገች፣ ልክ ነው። ከባልሽ ወገን ሠርጉ ላይ ማን ተገኘ? አባቱ። ስሙ ማን ይባላል?

ዝም።

ደገሙላት። አንገቷን ደፋች። አባባ ነው የምለው አለች። ሴትዮዋ ጻፈች። ሌላ ጥያቄ የለም፣ ጨርሰናል አለቻት።

ተነሣሁ። ዘይነባ እጄን ልትይዝ መጣች፣ አስለቀቅኳት። ስሜን አታውቅም? ማዕዷ ላይ ተቀምጬ የበላሁትን፣ እግሬ እስኪያብጥ በአውሮፕላን የሄድኩትን? ስሜ እኮ ከልጄ ስም ቀጥሎ ነው የተጻፈው፤ በሩ ላይ አለ፣ ፓስፖርቱ ላይ አለ! ስሜን ሳታውቅ ምራቱ ነኝ ካለች ኤምባሲው አልተሳሳተም አልኩት።

ዳዊት መሣሪያውን አንሥቶ ወጣ። የተቀዳለትን ሻይ ሳይነካ።

ዘይነባ የመጨረሻውን ልሰርዘው ወይ አለችኝ። ተናግሬዋለሁ፣ ይቀመጥ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

እንቅልፍ የለም። ግፊቴ ከፍ ብሏል። ዘይነባ ቁጥሩን አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ አንቱ የልጅቷን አባት ስም ያውቁታል ወይ አለችኝ።

አላውቀውም። የልጅቷ አባት እያልኩ ነው የተመለስኩት።

ሳህንሽን እጠቢ አልኳት። እያጠብኩ ነው አለች።

ዛሬ ሌላ የሚጻፍ የለም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ፣ ከሰዓት

ዳዊት መጣ። ሳይደውል። ከሻርሆልመን ገበያ ብርቱካን ገዝቶልኛል፤ እርቅ መሆኑ ነው። እኔም ተቀበልኩ።

ነገሩ አልተዘጋም። ሐሙስ በቪዲዮ ድጋሚ ያነጋግሯታል። አንዳንድ ያልጠራ ነገር አለ ብለዋል። ያልጠራው እኔ ነኝ።

ከዚያ ሌላውን ነገረኝ። ሊን ስሜን ታውቀዋለች። ኪስታ ሳለች ጀምሮ ታውቀዋለች። በአገሯ ምራት የባሏን አባት ስም ከአፏ አታወጣም። ነውር ነው። በባዕድ ፊት፣ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የባሰ ነውር። ለምን ዝም አልሽ ሲላት ምን እንዳለችው በቃሏ ጻፊልኝ፤ «አባባን እንደ እኩያዬ ስሙን ልጥራው? እሱ ሳይሰማ?»

ተቀመጥኩ። ቆሜ እንደነበር አላወቅኩም።

እናቴ የከምባታ ሴት ነበረች። የአማቷን ስም አንድ ቀን ሳትጠራ ነው ያለፈችው። ስሙን የሚመስል ቃል ሲመጣባት እንኳ ዞር ብላ በሌላ ቃል ትናገራለች። እኛ ልጆቿ እንስቅባት ነበር። ያ ወግ ከእሷ ጋር የተቀበረ መስሎኝ ነበር። በሃይፎንግ በኩል ዞሮ ቤቴ ገባ። እኔ ደግሞ ስድብ አድርጌ ቆጠርኩት።

ኩራት ተሰማኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ሐሙስም ዝም ካለችስ?

ጥሪው ብለህ ንገራት አልኩት። ነግሬያታለሁ አለ። አንተ ባል ነህ፣ ስሙ ያንተ አይደለም፣ አንተ ልትፈቅድልኝ አትችልም ብላዋለች።

ልክ ናት። የማን ስም ነው እሱ የሚፈቅደው?

ኅዳር 10፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 4 ሰ.

ነገ ትጠየቃለች። ዛሬ ደወልን። ዳዊት ከሥራ ፈቃድ ወስዶ መጣ። ዘይነባ ተረኛ ናት፣ ስልኩን የያዘችልኝ እሷ ናት። ሱፌን ለበስኩ። ግማሽ ሰው ነው የሚታየው አለችኝ። ሱሪውንም ለበስኩ።

ሊን ታየች። ከስታለች። የእኔም ስዊድንኛ የዳቦና የአውቶቡስ ነው፣ የእሷም ከእኔ ብዙ አይሻልም፤ ግን እንግባባለን። ስሜን ጥሪ አልኳት። አፏን በእጇ ያዘች። ደገምኩ። አባባ እባክህ አለች። እንባዋ መጣ። እኔም ጨነቀኝ። ይህ ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥ አላውቅም። እናቴ ጠይቃ አታውቅም።

ከዚያ አሰብኩ። አባትሽን ጥሪልኝ አልኳት።

መጣ። የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ። ቆምኩ፤ እሱም ቆመ። ደረቴ ላይ እጄን አድርጌ ጫንያለው እባላለሁ፣ አንተስ አልኩት። ዳዊት ለሊን በእንግሊዝኛ አስተረጎመ፣ ሊን ለአባቷ አስተረጎመች። ሁንግ እባላለሁ አለ። ሳንተዋወቅ ነው ለካ ልጅ የተሰጣጣነው። እሱም ያንኑ አስቦ መሰለኝ፣ ሳቀ።

«ሁንግ፣ ወንድሜ፣ ስሜን ለልጅህ ሰጥቻታለሁ። ነገ በሰው ፊት ትጥራው። ክብሬን አትነካም፣ ቤቴን ነው የምትሠራልኝ» አልኩ።

ዳዊት ይህን ለሊን አስተረጎመላት። ሊን ለአባቷ ነገረችው። ሁንግ አንድ ቃል ብቻ አላት፣ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

እሷ ተነሣች። ሁለት እጇን አጣጥፋ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ጫንያለው አለች።

ጫ ከብዷታል። ድጋሚ አልኳት። አለች። ድጋሚ። ሦስተኛውን ሳትሰብረው ጨረሰችው። ዘይነባ ስልኩን ይዛ ታለቅሳለች፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ አጥብቀሽ ያዢው ብዬ ተቆጣኋት።

ደብተሬ፣ ለአንቺ ልንገርሽ። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ስሜን የጠራ ሰው የለም። ሁሉም አባባ ነው። ክፉ አይደለም። ግን ስሜ ናፍቆኝ ነበር፣ አላወቅኩም።

ነገ ባለፈው ለምን ዝም አልሽ ቢሏት እውነቱን እንድትነግራቸው አዘዝኳት። ዘይነባ ኢንሻአላህ ትመጣለች ትላለች። እኔ ትመጣለች ብቻ ነው የምለው። ይሄኛውን በትልቁ ጻፊው። የመጣች ቀን አውሮፕላን ጣቢያ የምቀበላት እኔ ራሴ ነኝ፤ ዳዊት ሻንጣ ይሸከም። ቤቴ ስትገባ እንደ በፊቱ አባባ ትበለኝ። ለመሥሪያ ቤቱ ግን ጫንያለው ነኝ።

ዘይነባ ጃኬቷን ለብሳለች። ሌላ ሽማግሌ ይጠብቃታል። ይጠብቅ። ከመውጣትሽ በፊት አንብቢልኝ። ከመጀመሪያው አይደለም። ጎንበስ ብላ ቀና ካለችበት።