መምህርቷ የጠባይ ዋስ ትጥራ ስለተባለበት ፍርድ

ሰቆጣ፣ መጋቢት ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ገብረ አምላክ፣ የአጥቢያችን ዳኛ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የችሎቱ ወንበር ወገብዎን እንዳላሳመመው፣ ባለጉዳይም የከሰዓት እንቅልፍዎን እንዳላቋረጠብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ጥቂት ደክሞኛል፤ ይህ ግን እርስዎን የሚያሳስብ ነገር አይደለም። ደብዳቤውን በትምህርት ቤቱ በርና በሱቆች መዝጊያ ላይ የለጠፍሁት ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን፣ በችሎት ፊት አፌን በከፈትሁ ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ አሳጥሪው» ስለሚሉኝ፣ ወረቀት ላይ ግን ማንም ስለማያቋርጠኝ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ መነሻውን ላስረዳ። ወደ ትምህርት ቤታችን የሚወስደው መንገድ ከአቶ ተስፋው ማሳ ሥር ያልፋል። አቶ ተስፋው ከጓደኞቹ ጋር ካቡ ላይ ተቀምጦ፣ ወንዶቹን ተማሪዎች በሰላም እያሳለፈ፣ ሴቶቹን ሲሰድብና በወንጭፍ ሲወረውርባቸው ይውላል። ባለፈው ወር ድንጋዩ ጥሩሐረግ የምትባል ተማሪዬን ከቅንድቧ በላይ ፈነከታት። እናቷ ወይዘሮ ደብሬ ደሟን አጥባ ከቤት አስቀረቻት፤ ልለምናት ብሄድ «እቱ፣ ፊደሉ ይቅርባት፣ ዓይኗ ይትረፍላት» አለችኝ። ቤት ለዋለች ልጅ ደግሞ ባል ይፈለግላታል፤ ለጥሩሐረግም ከወዲያ ከደሃና አንድ ሰው ተገኝቷል፣ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ ነው እየተባለ ነው። በክፍሌ ካሉት ሁሉ ፈጥና የምታነብ ልጅ በአንድ ድንጋይ ምክንያት እንዳትቀር ብዬ ነው ወደ እርስዎ ችሎት የመጣሁት። እርስዎም ያደረጉልንን ውለታ በቅደም ተከተል እዘረዝራለሁ።

፩ኛ/ ወይዘሮ ደብሬ ቃሏን በኽምጣንጋ ስትሰጥ፣ የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ መሆኑን አስታውሰው አስተርጓሚ ይቁምላት ስላሉ አመሰግናለሁ። በዚያው ቋንቋ አፍዎን የፈቱና በቀደም ዕለት በዚያው ቋንቋ የበግ ዋጋ ሲከራከሩ የሰማንዎ ቢሆንም፣ ሥርዓት ሥርዓት ነው። አስተርጓሚ ሆኖ የተመረጠው ከካቡ ላይ ጓደኞች አንዱ ነበር። እናት «ልጄን በድንጋይ ፈነከታት» ስትል፣ እሱ «ልጄ ድንጋይ ላይ ወደቀች ትላለች» ብሎ አሳመረው። ኽምጣንጋ የሚያውቀው ባለጉዳይ ሁሉ ወደ መሬት ተመለከተ። ላርም ብነሣ ተቀመጪ አሉኝ። በዚህ ዓይነት ድንጋዩን ከተከሳሽነት፣ ጥሩሐረግንም ከመመታት አተረፉልን።

፪ኛ/ አቶ ተስፋው ወንጭፍ የያዘው ማሳውን ከዝንጀሮ ለመጠበቅ ነው የሚለውን መልስ ያለ ብዙ ድካም ተቀብለዋል። ገብሱ በኅዳር ታጭዶ፣ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። በማሳው ላይ የቀረ ነገር ቢኖር ድንጋይ ነው፤ እሱም ወደ መንገዱ እየተወረወረ በማለቅ ላይ ነው። የአካባቢያችን ዝንጀሮዎች ባዶ ማሳ ሊዘርፉ የሚወርዱ፣ ያውም ልክ የትምህርት ቤት ደወል ሲደወል የሚወርዱ መሆናቸውን ከእርስዎ ተምሬአለሁና ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ።

፫ኛ/ ይህ ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

ጥሩሐረግ በተመታች ዕለት ከልጆቹ ጋር ነበርሁና ወደ ካቡ ቀና ብዬ «በሕግ አምላክ» አልሁ። በአገራችን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ያነሣውን ዱላ እንደያዘ ይቆማል፤ ሕፃን ቢለውም ለማኝ ቢለውም ይቆማል። አቶ ተስፋው ግን «ሕጉ ምሳ ላይ ነው፣ የኔታ፤ ሲመለስ እነግርልሻለሁ» ብሎ ጓደኞቹን አሳቀ፤ ሁለተኛውንም ድንጋይ ወንጭፉ ላይ አኖረ።

እርስዎ ዘንድ የደረስሁት የወንጀለኛ መቅጫውን ሕግ አንብቤ ነበር። ሰውን ለሚያስፈራራና ሰላም ለሚነሣ የመልካም ጠባይ ዋስ እንዲጠራ ማዘዝ እንደሚቻል ይናገራልና፣ ለአቶ ተስፋው ይታዘዝልን ብዬ ለመንሁ። ሐሳቡን ወደዱት። ሰውየውን ብቻ ለወጡት። በማሳው ላይ በሰላም በተቀመጠ ሰው ላይ «በሕግ አምላክ» ብላ በመንገድ የጮኸች ሴት ሰላም አደፍርሳለችና፣ የጠባይ ዋስ ትጥራ ብለው ፈረዱ።

ዋስ ጠራሁ። ልጃቸው ሀሊማ እኔ ዘንድ የምትማረው ሐጂ ዓብዱልቃድር ሱቃቸውን ዘግተው መጡልኝ። ሱቅ እንጂ ርስት የላቸውም፣ ዋስም ባለርስት መሆን አለበት ብለው መለሱዋቸው፤ ችሎቱ የለበሰው አቡጀዲ ሁሉ ከእሳቸው ሱቅ የተቆረጠ መሆኑ ርስት አይሆንምና። እናቴ ባለርስት ናት፤ እሷን ደግሞ ሴት ናት አሉ። ይህን ጊዜ አቶ ተስፋው ከተከሳሽ ቦታው ብድግ ብሎ፣ «እኔ እሆናታለሁ፤ ባለርስት ነኝ፣ ጠባይዋንም ከማንም አብልጬ አውቀዋለሁ» አለ። ሰው ሳቀ፤ እርስዎም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ለጸሐፊው «ጻፍ» አሉት።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ለመልካም ጠባዬ ኃላፊው ተማሪዬን የፈነከተው ሰው ነው። ሁለተኛ በሕግ አምላክ ብል፣ ይዞ ወደ እርስዎ የሚያቀርበኝ እሱ ይሆናል። ሕግ አጥፊን ለመግራት የተበጀ መሣሪያ በአንድ ችሎት እንዲህ ተገልብጦ ሲያዝ አይቼ አላውቅም፤ ያየ ሰው ካለም ይንገረኝ።

አራተኛና አምስተኛም ነበሩኝ። ተውኋቸው። አንባቢው ያውቃቸዋል፣ እኔም ጽፌ ደክሞኛል።

እስከ ሰኞ በዋሱ ወረቀት ላይ ካልፈረምሁ እንድታሰር አዝዘዋል። አልፈርምም። ሰኞ ጠዋት ጋቢዬን ይዤ ወኅኒ እመጣለሁ። ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ግን ሴቶቹ ልጆች ከአጥሩ ውጭ፣ እኔ ከአጥሩ ውስጥ ሆነን እንድንማር ለወላጆቻቸው ነግሬአለሁ። ሐጂው ሀሊማን ራሳቸው እንደሚያደርሷት ቃል ሰጥተውኛል። ወይዘሮ ደብሬ ቤት የሄድሁት እምቢታዋን ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን «እዚያ ፖሊስ ይቆማል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይቆማል አልኋት። «እንግዲያማ ትምጣ። የደሃናዎቹ ሠርግም ይጠብቅ» አለች። አንዲት እናት በሰቆጣ ከተማ ለልጇ የማያሰጋ ቦታ ብትፈልግ ያገኘችው ወኅኒ ቤቱን ነው፤ ለዚህም ምስጋናው በሙሉ የእርስዎ ነው።

በወንበርዎ ያጽናዎት፤ ከወንበሩ ሥር የሚቆመውንም ሰው አንድ ቀን ያሳይዎት እያልሁ፣ ያለ ዋስ ያደግሁ፣ ያለ ዋስም የማከብርዎ፣

መምህርት ይታየሽ

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ልጅዎ ወለተ ገብርኤል በትምህርቷ ጎበዝ ናት። በዚያው መንገድ ብትመጣም፣ ጠመንጃ የያዘ አሽከር አስከትለው ስለሚልኩልን፣ እሷ በምታልፍበት ሰዓት አንድም ዝንጀሮ ታይቶ አያውቅም። እሷም ሰኞ ወደ ወኅኒው መጥታ ለመማር ብትጠይቀኝ፣ አባትሽን አስፈቅጂ ብያታለሁ።