በሰው ስም አቤት

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3፣ ጠዋት
ትራም ውስጥ ነኝ፣ ከምኖርበት ሰፈር ከኦኔ ወደ ሥራ። መቀመጫ አግኝቻለሁ፤ ብርቅ ነው። የትናንት ሥራዬ፦ የአየር ሁኔታ ዜና፣ ሁለት ጊዜ። ሐይቁ ላይ ንፋስ። ዛሬም ንፋስ ይመስለኛል፣ ደብተሬ።

አዘጋጁ ሙሴ ፊሊፕ (አቶ ፊሊፕ እንደማለት ነው) ኮሌጃችሁ ምን ዓይነት ነው ብሎ እንደገና ጠየቀን። እንደገና አስረዳሁ። አሜሪካ ውስጥ ሌላው በር ሁሉ ለጥቁር በተዘጋበት ዘመን፣ ለጥቁር ልጆች የተከፈተ ኮሌጅ ነው። በየክረምቱ ሁለት ተማሪ ወደዚህ ዜና ክፍል ለልምምድ ይልካል። ዘንድሮ እኔና ኪያራ ነን። ግሩም፣ አለ። ባለፈው ሳምንትም ግሩም ብሎ ነበር።

ኪያራ የአትላንታ ልጅ ናት፣ እኔ የአዲስ አበባ። ቁመታችን እንኳ አይገናኝም። ሰውዬው ግን እኔን ኪያራ ይለኛል፣ እሷን ምሕረት። ኪ. ደግሞ ስሜን መጥራት አቅቷት ሚሬት ትለኛለች። ቢያንስ የእኔን ነው የምትሞክረው።

እሑድ፣ ሐምሌ 6
ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ኪ.ም አብራን ሄዳ ነበር። የምኖረው አክስቴ ቤት ነው። ልጇ ሊያ እዚሁ ተወልዳ አማርኛዋ ግማሽ ፈረንሳይኛ ነው። ስታዤር በአማርኛ ምን ይባላል ስትለኝ ተለማማጅ ብያት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ፊት አቁማን "ተለማማጭ ናቸው" ብላ አስተዋወቀችን። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ለኪ. ተረጎምኩላት፦ በአንድ ፊደል ሥራ ከሚማር ሰው ወደሚለምን ሰው ወረድን።

አንዷ ብቻ አልሳቀችም። እትዬ ጥሩወርቅ፣ ዲፕሎማት ቤት የምትሠራ።

"ምን ያስቃል? እዚህ አገር ያልተለማመጠ ማን አለ?"

ኪ. ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ወዲያው ጠጋ አለች። ከሰዓቱን ሙሉ እሷ ስትጠይቅ እኔ ሳስተረጉም አለፈ። እኔ ብሆን አንዱንም አልጠይቅም፣ ነውር ይመስለኛል። በዕረፍት ቀንሽ በጣም ደስ የሚልሽ ምንድን ነው አለቻት። ስሜን መስማት፣ አለች እትዬ ጥሩወርቅ። ማዳም ስሟ ከብዷት በቀድሞዋ ሠራተኛ ስም ነው የምትጠራት።

"አቤት እላለሁ። ምን ላድርግ?"

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8
የኪ. ጽሑፍ ወጣ። የሴትየዋን ስም ቀይራ፣ ታሪኩን አንጀት በሚበላ መንገድ ጽፋዋለች። ከሥሩ ያለው የጸሐፊዋ ፎቶ የኪ.፣ ስሙ ግን የእኔ። ስለ ስም የተጻፈ ጽሑፍ!

ኪ. ሄዳ ስህተት አለ አለች። ሙሴ ፊሊፕ ፊቱ ቀላ፣ ይቅርታ አበዛ፣ እዚያው አስተካከለ። ፎቶውን። አሁን ስሙም የእኔ፣ ፎቶውም የእኔ። ኪ. እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እንደገና ልንነግረው ስንመለስ ለዓመት ዕረፍቱ ወጥቷል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9
ከዙሪክ ስልክ ተደወለልኝ። የዋናው ቢሮ ኃላፊ ወ/ሮ ኬለር። ጽሑፍሽን ወድጄዋለሁ፣ ማክሰኞ ነይ አለች። የአንድ ዓመት ሥራ፤ ያለው አንድ ቦታ ብቻ። ኪ.ም እኔም ከመጣን ጀምሮ የምናወራው ስለዚህ ቦታ ነው።

አመሰግናለሁ አልኩ። ሌላ አላልኩም። ለኪ.ም አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11
ለአክስቴ ነገርኳት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አለች። ቃሉ ያለፈው በአንቺ አፍ አይደለም ወይ? ትንሽ ብትለማመጫቸው ምን ይጎድልብሻል? እሷም ሥራ የያዘችው እንዲያ ነው፤ አልፈርድባትም። ጠበቃ መሆን ነበረባት።

እኔም ራሴን ሳሳምን ዋልኩ። ግማሹ የእኔ ነው። እሺ፣ ሲሶው። እሺ፣ ትርጉሙ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15፣ ባቡር ውስጥ፣ ከዙሪክ መልስ
ሁሉ ነገሩ መስታወት የሆነ ቢሮ። ወ/ሮ ኬለር ጽሑፉን አትማ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች። ያንን የዕረፍት ቀን ጥያቄ እንዴት አሰብሽው፣ አለች።

መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ያማረ መልስ። አፌን ስከፍት እትዬ ጥሩወርቅ ትዝ አለችኝ። ስሙ የእኔ ቢሆንም፣ እኔም በሰው ቦታ ተጠርቼ አቤት ልል ነው። እሷስ ቸግሯት ነው።

ያሰበችው ኪያራ ናት አልኩ። የጻፈችውም እሷ ናት። እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ።

ወ/ሮ ኬለር ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። የአንቺስ የቱ ነው? ንፋሱ፣ አልኳት። አልሳቀችም። የኪ.ን ስልክ ጻፈች፣ ስሙም ፎቶውም ዛሬውኑ ይታረማሉ አለች፣ መልካም ጉዞ ተመኘችልኝ። አለቀ።

ቆጨኝ። አሁንም እየቆጨኝ ነው። ሥራውን በጣም እፈልገው ነበር።

ሊያ መልእክት ልካለች፦ እንዴት ሆነ፣ አሁንም ተለማማጭ ነሽ? በ"ጅ" ነው የሚጻፈው፣ በ"ጭ" አይደለም ብዬ መለስኩላት።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ኪ. ናት። ከዙሪክ ደወሉልኝ፣ ሚሬት፣ አለች።

አቤት፣ አልኩ።