ላልመጣ እንግዳ የተያዘ ቦታ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የኮምፒውተር አገልግሎት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለጉሮሮዎ ደግሞ ለብቻው የተለየ ጤና እመኛለሁ። እኔ እናንተ ዘንድ የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። እናቴ ከዚያ በኋላ መናገር እንደማትችል አስቀድሞ ስለተነገረን፣ በዋዜማው ድምፅ መቅረጫ ክፍል ገብታ የተሰጣትን ዓረፍተ ነገሮች እንድታነብ፣ ኮምፒውተሩም ከዚያ ተምሮ ወደፊት የምትጽፈውን በራሷ ድምፅ እንዲናገርላት ታስቦ ነበር። ለዚህ ደግ ሐሳብ ሆስፒታሉን ከልቤ አመሰግናለሁ፤ እርስዎን የማመሰግንበት ግን ሌላ ብዙ ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ ስለ ፍትሕ ወዳድነትዎ። በክፍሉ በር ላይ የተለጠፈው መመሪያዎ ፔጂንግ ፋይል በሁሉም ድራይቮች፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ማከማቻዎች ላይ፣ በእኩል መጠን እንዲያዝ ያዝዛል። እንደተረዳሁት ይህ ማለት የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ሲጨናነቅ ትርፉን የሚያራግፍበት ቦታ ከሃርድ ዲስክ ላይ አስቀድሞ ይያዝለታል ማለት ነው። ሰፊው ድራይቭ የሰጠውን ያህል፣ ድምፅ የሚቀመጥበት ጠባቡም ያንኑ ያህል እንዲሰጥ ተደረገ። ለግመሉም ለፍየሏም እኩል ጭነት፤ ከዚህ በላይ ፍትሕ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛ፣ ስለ እንግዳ አክባሪነትዎ። ያ የተያዘ ቦታ በዕለቱ ባዶውን ነበር። ሜሞሪው አልተጨናነቀም፣ የተራገፈም ነገር አልነበረም። ላልመጣ እንግዳ ወንበር ተጠብቆለት የእናቴ ድምፅ ደጅ ቀረ። የመጀመሪያውን ገጽ አንብባ ሳትጨርስ ኮምፒውተሩ ዲስኩ ሞልቷል ብሎ ቀረጻውን አቆመ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሥርዓትዎ። የክፍሉ ሠራተኛ ያለ እርስዎ ፊርማ ማስተካከያውን መንካት ስለማይፈቀድላት ወደ ቢሮዎ ደወለች። ስብሰባ ላይ ናቸው፣ እስኪወጡ ጠብቁ ተባልን። በስልክ የተቀዳ ድምፅም ለዚህ ሥራ አይሆንም ተባልን። ጠበቅን፤ ክፍሉ እስኪዘጋ ጠበቅን። እናቴ አፏ የማያርፍ ሴት ናትና አጠገቧ ለተቀመጠ ሁሉ ስታወራ ዋለች፤ የመጨረሻ ወሬዋን የሰማው የእናንተ ኮሪደር ነው። በማግስቱ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ገባች። እርስዎ ከስብሰባው ወጥተው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አራተኛ፣ ስለተረፈን ነገር። በእናቴ ድምፅ በእጃችን ያለው «ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል» እና «እባክዎ መስኮቱን ይዝጉልኝ» ነው። እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ መስኮት እንዲዘጋላት ማንንም እባክዎ ብላ አታውቅም፤ «አንተ ድንጋይ፣ ብርዱ አይታይህም?» ነበር የምትለው። የልጅ ልጆቿ ስም የተጻፈው በመጨረሻው ገጽ ላይ ነበር። የእኔዋ ትንሿ፣ አያቴ ለምን አትጠራኝም፣ ተቆጥታኝ ነው ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። ሁሉን እኩል ማካፈል የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ፣ ከመልሱ ለእኔም ድርሻዬን ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

መመሪያዎ ሳይነቀል፣ ስብሰባዎ ሳይቋረጥ፣ ድምፅዎም ሳይሰለል ዘመንዎ ይረዝም ዘንድ እየተመኘሁ፣ ጸጥ ካለ ቤት ውስጥ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፦ ዛሬ ጠዋት ከቢሮዎ መልእክት ደረሰን። የቦታ እጥረቱ ስለተስተካከለ ታካሚዋ መጥተው የቀረውን ንባብ እንዲያጠናቅቁ ይላል። ለእናቴ አሳየኋት። ደጋግማ አነበበችው፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠረገችና አሁን የምትነጋገርበትን የጽሑፍ ሰሌዳ አንሥታ «ስንት ሰዓት ይከፍታሉ?» ብላ ጻፈች። ስለዚህ እንመጣለን፤ ቦታ ይያዙልን።