ማተብ ያለው ጠርሙስ

ለእታለሜ ለባንቺዓለም፣

ከደጃፉ እስከ ጓዳው በዚያ ቤት ያላችሁ ሁሉ እንዴት ከረማችሁ? አንቺስ እንደምን አለሽልኝ? ክረምት ሲገባ የሚይዝሽ ወገብሽ ዘንድሮስ ተወሽ? አባባስ እንዴት ናቸው፤ እህል ይቀምሳሉ? ከአልጋ ወርደው ፀሐይ ይሞቃሉ? ጋሼ ደምለውስ ጤናው እንዴት ነው፤ ታመመበት ያልሽኝ በሬ ዳነለት? ትንሹ ፋንታ ቆሞ ሄደ? እኔ ለነፍሴ አለሁ። ልጅሽ አገሬም ቁስሏ ደርቆ ወጣ ገባ ትላለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ ደህና አይደለሁም።

በግንቦት ማርያም ሰሞን የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ገና ፖስታውን ሳየው የመሪጌታ ገብረ ኪዳን ጽሕፈት አለመሆኑን አወቅሁ። መሠረተ ትምህርቱን ጨርሰሽ፣ የምስክር ወረቀት ተቀብለሽ፣ በገዛ እጅሽ መጻፍሽ ነው። በደስታ እንባዬ መጣ። ደስታዬን ሳልጨርስ ግን ያለውን አነበብኩት። ልጄ ቤትሽን ልታቃጥልብሽ ነበርና ስለ እመብርሃን ይቅር በዪኝ ትያለሽ። አንድ ቅል ማርም ጨምረሽ ልከሻል። በሕይወትሽ መጀመሪያ የጻፍሽው ደብዳቤ ይቅርታ መለመኛ ሆነ፤ ያውም እኔን! ማሩን አልከፈትኩትም። እንደታሰረ መደርደሪያው ላይ አለ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አገሬን መልሼ እንድሰድልሽ፣ ከእንግዲህም ደብተር እንደማትይዝ ጽፈሻል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እጇ አያርፍም፣ ችኩል ናት፣ ከዓይኔ ሥር ትዋል ብለሻል። ይህን የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን መሪጌታ ስለሚያነቡልሽ ለሰው ጆሮ የሚሆነውን ብቻ ነበር የምልክልሽ። አሁን አንቺው ታነቢዋለሽና እውነቱን ልንገርሽ። ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጌዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

የማስተምረው ባልትና መሆኑን ታውቂያለሽ። ምግብ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና፣ ሳሙና ከጠፋም በአመድ ታጠቡ፤ ጥፍራችሁን ቁረጡ፤ ፀጉራችሁን ሸፍኑ፤ የነጠላችሁን ጫፍ እሳት አጠገብ አታንዘላዝሉ እላለሁ። ዘይት እሳት ከያዘ ውኃ አትድፉበት፣ ክዳን ክደኑት እላለሁ። ምግብ አይሸተትም፣ አፍንጫ ዕቃ ውስጥ አይገባም፣ ነውርም ነው ቆሻሻም ነው እላለሁ። ይቺን የመጨረሻዋን ያዥልኝ። ዘንድሮ ወንዶቹም ይማሩ ተብሎ ሽንኩርት ሲልጡ እያለቀሱ ያስቁናል።

አገሬ ከሁሉም ይልቅ ትሰማኝ ነበር። እኔ ልጅ የለኝምና ስጪኝ ብዬ ከጉያሽ ከወሰድኳት ሦስት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ሁለቴ ነግሬያት አላውቅም። አንድ ቀን ከገበያ ገብቼ እጄን ሳልታጠብ ዳቦ ብቆርስ፣ ውኃ በጣሳ ይዛ አጠገቤ ቆመች። አፍሬ ታጠብኩ። ችኩል የምትያት ልጅ እንዲህ ያለች ናት።

የዘይታችንና የላምባችን ዕቃ ሁለት የቢራ ጠርሙስ ነበር። ሁለቱም ቡናማ፣ ሁለቱም አንድ ልክ ስለሆኑ እንዳንሳሳት ብዬ በዘይቱ ጠርሙስ አንገት ላይ ጥቁር ክር አሰርኩለት። ይህ ክርስቲያን ነው፣ ማተብ አለው፣ ማተብ ያለው ይበላል፣ የሌለው አይበላም አልኳት። በሳቅ ሞተች። ክፍል ውስጥም ይህንኑ አስተማርኩ። ዳይሬክተራችን ሰምተው በስብሰባ ፊት አመሰገኑኝ፤ ማተብ ማለቱን ትተሽ ምልክት በዪው ግን አሉኝ። እንዴት እንደኮራሁ ባየሽ።

ከደብረ ዘይት ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ጠዋት ዘይታችን አልቆ ነበር። የቀበሌው ሱቅ ዘይት ይመጣለታል ስለተባለ እኔ አምጥቼ አስቀምጥልሻለሁ፣ አንቺ ከትምህርት ስትመለሺ ሽሮውን ሥሪ አልኳት። ጠርሙሱ ባዶ መሆኑን ስታይ፣ ከመሄዷ በፊት በሙቅ ውኃና በአመድ አጥባ መደርደሪያው ላይ ደፋችው። ክሩም ዘይት ጠጥቶ፣ አቧራ ይዞ፣ ዝንብ ይሰበስብ ነበርና ፈትታ በሳሙና አጠበችው፤ አጥሩ ላይም አሰጣችው። ይህን ማን አስተማራት? እኔ።

በዕረፍት ሰዓት ወደ ሱቁ ስሮጥ ጎረቤቴን ወይዘሮ ፋንታነሽን መንገድ ላይ አገኘኋት። ዘይት አልመጣም፣ የመጣው ላምባ ነው፣ እሱም ሊያልቅ ነው አለችኝ። ጠርሙስ ላመጣ ቤት ገባሁ። የላምባው ጠርሙስ ዘወትር የሚቀመጠው ከበሩ ኋላ መሬት ላይ ነው። ዞር ብዬ አላየሁም። መደርደሪያው ላይ ታጥቦ የተደፋ ጠርሙስ አየሁ፤ ማተብ የለውም። እንግዲያ የላምባው ነው፣ አጥባልኝ ነው ብዬ ይዤው ሄድኩ። አስሞልቼ ተመለስኩና ደወሉ ተደውሎ ስለነበር ጠረጴዛው ላይ አቁሜው ወደ ክፍሌ ሮጥኩ። ችኩሏ እኔ ነበርኩ፣ እታለሜ።

አገሬ ስድስት ሰዓት ላይ ገባች። ያጠበችው ጠርሙስ ሞልቶ ቆሟል። አክስቴ ቃሏን ጠብቃ ዘይቱን አመጣችልኝ ብላ አሰበች። እጇን ታጠበች፣ ፀጉሯን ሸፈነች፣ ክሩን ከአጥሩ አውርዳ ጠርሙሱ አንገት ላይ መልሳ አሰረችው። ቤታችን በኩራዝ ስለሚበራ የላምባ ሽታ መቼም አይለየውም። ድስቱን ጥዳ ሽንኩርቱን ማቁላላት ጀመረች፤ ከጠርሙሱም ጨመረችበት።

እሳቱ ወደ ላይ ሲነሣ አልሮጠችም። እንደተማረችው ክዳኑን አንሥታ ድስቱን ከደነችው፤ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ የተቃጠለው ያኔ ነው። ቤቱ የሣር ክዳን መሆኑን ታውቂያለሽ፤ እሷ ባትከድነው የእኔም የፋንታነሽም ቤት አይተርፍም ነበር። ልጄ ቤትሽን ልታቃጥል ነበር አልሽኝ። እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ፤ ያጠፋችው እሷ ናት።

ጩኸቱን ሰምቼ ስደርስ ፋንታነሽ ቅቤ ልትቀባት ስትል ከለከልኳት። ቀዝቃዛ ውኃ ደጋግሜ አፈሰስኩበትና በንጹሕ ነጠላ ሸፍኜ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድናት። ያን ቀን በደንብ የሠራሁት ነገር ይህ ብቻ ነው። ቁስል የሚያክመው ድሬሰሩ ገብረ ሕይወት ምን ሆና ነው ሲለኝ፣ ላምባውን ዘይት መስሏት ነው አልኩት። ውሸት አይባልም፤ እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ዳይሬክተሩ ጠየቁኝ፣ ቀበሌው ጠየቀኝ፣ ሁሉም ልጅ አይደለች፣ ቸኩላ ነው እያሉ አጽናኑኝ። እኔም ዝም አልኩ። የባልትና መምህርቷ ላምባ በዘይት ጠርሙስ ቀዳች እንዳይሉኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ለአንቺም ያንኑ ጻፍኩልሽ። ቸኩላ ነው የሚለውን ቃል አፍሽ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ አፈር ያስበላኝ።

በሦስተኛው ቀን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ጥፋቱን ከራሴ ላይ ላወርድ ፈልጌ ይሁን ምን ይሁን እንጃ፣ «ምነው ልጄ፣ አሸትተሽው ቢሆን ኖሮ» አልኳት። ዓይኗን አልገለጠችም።

«ምግብ አይሸተትም ብለሽኝ» አለችኝ።

ላምባውን ማን እንደቀዳው ታውቃለች፤ ለድሬሰሩም፣ ለጓደኞቿም፣ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ደብዳቤሽን ሳነብላት ችኩል ናት የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝ። ትናገር ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። አንገቷን ደፍታ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ማየት ጀመረች። ያኔ ነው ለአንቺ ሳልጽፍ ክረምቱ እንደማይገባብኝ ያወቅሁት፤ እንደዚያም ሆኖ አንድ ወር ፈራሁ።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ድረስ ወስጃት ነበር። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቿ እንደታጠፉ ይቀራሉ፣ አይዘረጉም አሉን። ክብሪት ሲጫር ከቤት ትወጣለች። ብዕር ግን አልጣለችም፤ በግራ እጇ መጻፍ ለመደች። የአምስተኛ ክፍልን ፈተና በግራዋ ጽፋ ከአርባ ስምንት ልጆች ሰባተኛ ወጣች። ይህችን ልጅ ነው ከትምህርት የምታስቀሪያት።

ባለፈው ዓርብ ያን ጠርሙስ ክፍል ውስጥ አቁሜ ለልጆቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንዷ ተነሥታ፣ ታዲያ እርስዎ ከበሩ ኋላ ለምን አላዩም ብላ ጠየቀችኝ። ለዳይሬክተሩም ነግሬያቸዋለሁ፤ የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ። ከእንግዲህ ላምባ በጠርሙስ ቤቴ አይገባም፤ በቆርቆሮ ሆኖ ከደጅ ይቀመጣል። ምን ዋጋ አለው ትይኝ ይሆናል፤ እኔም ራሴን እላታለሁ።

እንድትምሪኝ አልለምንሽም፤ አንጀትሽ ሲችል ታደርጊዋለሽ፣ ባይችልም እውነት አለሽ። የምለምንሽ ስለ እሷ ነው። በመስከረም ወደ ትምህርቷ መልሻት። ከእኔ ዘንድ አትመለስም ካልሽ ሞጣም ትምህርት ቤት አለ፤ ብቻ ከቤት አታስቀሪያት። ሐሙስ በሚነሣው መኪና ከፋንታነሽ ጋር እልካታለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ቀድሟት እንዲደርስሽ ዛሬውኑ ለመንገደኛ አስይዘዋለሁ። ስትገባ እጇን አይተሽ አታልቅሺባት፤ እሳት አንድጂም አትበያት። ችኩል የሚለውን ቃል ዳግም ከአፍሽ አትስማው። ማሩንም ይዛልሽ ትመጣለች፤ እሷ ትብላው።

ለአባባ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ይህን ግን አትንገሪያቸው፤ ክረምቱ ሲወጣ እኔው መጥቼ ከእግራቸው ሥር ሆኜ እነግራቸዋለሁ። ጋሼ ደምለው ግን አባቷ ነውና ዛሬውኑ ይስማ። ትንሹን ፋንታን ጉንጩን ሳሚልኝ። ወይዘሮ ወለተ ሐናን ከነልጆቿ፣ መሪጌታ ገብረ ኪዳንንም ሰላም በዪልኝ፤ የውሸት ደብዳቤዬን አስነብቤ አንደበታቸውን አሳድፌያለሁና ይፍቱኝ።

ለእናትሽ አንድ ነገር ጻፊ ብዬ ወረቀቱን ለአገሬ ሰጥቻት ነበር። ከስሜ በታች ያለው የእሷ ነው። በግራ እጇ ስለሆነ ተንጋዷል፤ አላረምኩትም።

እህትሽ ይርጋነሽ
ቢቸና፣ ሰኔ 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

እማዬ ማተቡን በሳሙና በደንብ አጥቤው ነበር። አገሬ