የተላጨ ራስ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 7፣ 1995

ሚስስ ሄለና ዛሬም ዳቦ ሊገዙ አልመጡም። ከሱቄ በላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ፖላንዳዊት አሮጊት ናቸው። በስደት እዚህ አርችዌይ ሰፈር ከገባሁ ጀምሮ እስካለፈው ቅዳሜ አንድም ጠዋት ቀርተው አያውቁም ነበር።

ጥፋቱ የኔ ራስ ሳይሆን አይቀርም። ዓርብ ዕለት የእህቴ መርዶ ከአዲስ አበባ መጣ። እዚህ እንደ እናት የሆኑኝ ያገሬ ሰው እትዬ ለተብርሃን እንደ ወጋችን ራሴን ላጩኝ። ቅዳሜ ግን ሱቁን ከፈትኩ፤ አትክልት ሐዘን አያውቅም፣ ይበሰብሳል። ለሚስስ ሄለና ዳቦ ላነሳ ጎንበስ ስል ነጠላዬ ወደቀ። ራሴን አዩ። “ማነው እንዲህ ያደረገሽ?” አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው። ዳቦውን ትተው ወጡ።

ረቡዕ

ዳቦና ወተት ይዤ ወደ ሚስስ ሄለና ቤት ወጣሁ። ትናንት በራቸው ላይ ያንጠለጠልኩት ዳቦ እንዳለ ነው። አንኳኳሁ። “እዚህ ማንም የለም” አሉ ከውስጥ።

ሳይበሉ ይሞታሉ ብዬ ለካውንስል፣ ለሰፈሩ አስተዳደር፣ ደወልኩ። ዓርብ እስከ ረፋዱ ካልከፈቱ ከፖሊስ ጋር መጥተን በሩን ሰብረን እንወስዳቸዋለን አሉ። ልክ የሠራሁ ይመስለኛል።

ሐሙስ

እትዬ ለተብርሃን ሊያጽናኑኝ መጥተው ሱቅ ውስጥ ተቀምጠናል። ትንሿ ቴሌቪዥን የናዚዎችን የሴቶች ካምፕ ታሳያለች። ራሳቸውን የተላጩ ሴቶች ተሰልፈዋል።

“ውይ፣ ይሄ ሁሉ ሐዘንተኛ?” አሉ እትዬ።

“ሐዘን አይደለም። ሲያስገቧቸው ነው የላጯቸው” አልኩ። ስናገረው የሚስስ ሄለና ነገር ገባኝ። ከራሳቸው የማይወልቀው ሻርፕ። ሁልጊዜ ኪሳቸው የሚገባው ግማሽ ዳቦ። እኔ ደግሞ ፖሊስ ጠራሁባቸው። ሁሉንም ለእትዬ ነገርኳቸው።

“ታዲያ ምን ትቀመጫለሽ? ሂጂና አስረጃቸው” አሉኝ እትዬ።

ካውንስል ደወልኩ፤ ቀጠሮው አይሰረዝም አሉ። ወደ ላይ ወጣሁና በበራቸው የደብዳቤ ቀዳዳ ተናገርኩ። የተላጨሁት እህቴ ሞታ ነው፣ በፈቃዴ ነው አልኩ።

“ማንም አልያዘሽም?”

“ማንም። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው።”

“እህትሽ ስሟ ማነው?”

“አልማዝ።”

አልከፈቱም።

ዓርብ

በጠዋት ከእትዬ ጋር ወጣን። ዛሬ ከፈቱ። ፊታቸው አጥንት ብቻ ቀርቷል። ነጠላዬን ገለጥ አድርገው ራሴን ዳሰሱ።

እሳቸውም እህት ነበረቻቸው፣ ዞሲያ። አብረው ካምፕ ገቡ፤ እሷ አልወጣችም። በሞተችበት ጠዋት እሳቸው የእስረኞች ቆጠራ ላይ ቆመው ነበር። ያለቀሰች ትመታለች። ከዚያም በኋላ አላለቀሱም። “የት ሆኜ ላልቅስ? መቃብር የለ፣ ሰው የለ” አሉ።

ለእትዬ ተረጎምኩላቸው። እትዬ አንድም ነገር አልጠየቁም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና ደረታቸውን እየመቱ “ዞሲያ፣ ዞሲዬ” አሉ። አሮጊቷ ይደነግጣሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ከእትዬ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የእሳቸውም የለቅሶ ድምፅ ሲወጣ እኔም ስለ አልማዝ አለቀስኩ፤ ከመርዶው ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ደወሉ ጮኸ። የካውንስሏ ሴትና አንድ ፖሊስ። ወጣሁና በሩን በጀርባዬ ዘጋሁ።

“ለቅሶ ላይ ናቸው። ዛሬ ዩኒፎርም እዚህ ቤት አይገባም” አልኳቸው።

“ማን ሞቶ?”

“እህታቸው።”

ሴትዮዋ ራሴን አየች። ሰኞ እንመለሳለን አለች። ሰኞ ምን እንደምላቸው አላውቅም።

ስመለስ ሚስስ ሄለና ያመጣንላቸውን ዳቦ ይዘዋል። ግማሹን በሉ። ግማሹን ወደ ኪሳቸው ወሰዱት፣ ከዚያ አሰቡና ለእትዬ ሰጧቸው።